እርድ የነካው ነጠላ

እኔ ኬሚስትሪ ያስተማርኩት በካቲካላ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። በደርግ ጊዜ አምቦ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረው፤ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ፣ ውስጡ ግን ሦስት የተሰነጠቁ ብርጭቆዎችና አንድ የአይጥ ጎሬ። ሊትመስ የሚባለውን ወረቀት፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን፣ ቤዝ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆነውን፣ ተማሪዎቼ የሚያውቁት በመጽሐፍ ብቻ ነበር። በቃላቸው ያጠኑታል፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ አንዳቸውም ግን በዓይናቸው አላዩትም። ይሄ ነገር ያበግነኝ ነበር። ወረቀት ይላክልን ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ ሲጠፋ ደብዳቤ መጻፉን ተውኩትና ወደ ጓዳዬ ገባሁ።

ጓዳዬ ውስጥ እርድ ነበረ። አልጫን ቢጫ የሚያደርገው እርድ ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው እንደ ሸክላ ይቀላል። ሎሚ ሲጨመቅበት ደግሞ ቅላቱን ትቶ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ከዚህ የተሻለ ሊትመስ ከየት ይመጣል? ችግሩ እርድ በውሃ እንደሚገባ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በአልኮል ነው። ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ካቲካላ ቤት ሄጄ ግማሽ ጠርሙስ እገዛለሁ፣ የተወቀጠ እርድ እዘፈዝፍበታለሁ፣ ነጭ ወረቀት እነክርበትና ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ በመቀስ ጣት ጣት እያሳከልኩ እቆራርጠዋለሁ። ጥላ ውስጥ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ፀሐይ እርድን ይበላዋል። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ያገኘው ወረቀት ቢጫው ጠፍቶ ባዶውን ይቀራል።

አባቴ በጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ከተማው ይበልጥ የሚያውቀው ግን በጴንጤነቱ ነው። የጴንጤ ልጅ፣ ያውም አስተማሪ፣ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልላ ከካቲካላ ቤት ስትወጣ ከታየች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ደረሰም። አባቴ ጠርቶ አስቀመጠኝ። እኔም አንዱን ቢጫ ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ እጁን የታጠበበት የሳሙና ውሃ ውስጥ ነከርኩለት። ቀላ። ሎሚ ጠብ አደረግሁበት፤ ቢጫ ሆነ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ አየውና፣ ጠርሙሱን አጥብቄ እንድከድነው፣ አለበለዚያ እንደሚተን ብቻ ነግሮኝ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሰው አፍ ምን ቢል ግድ አልነበረኝም።

ክፍል ውስጥ ያ ወረቀት ያመጣውን ለውጥ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከኋላ ተቀምጠው የሚያንቀላፉት ሁሉ ከየቤታቸው በጠርሙስ አምጡ ያልኳቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፦ አሬራ፣ አቼቶ፣ የእርሾ ውሃ፣ የምድጃ አመድ ያደረበት ውሃ። የሚኮመጥጠው አሲድ ነው፣ ጣት ላይ የሚያሙለጨልጨው ቤዝ ነው እላቸዋለሁ። የሚያሙለጨልጨው ደግሞ የቆዳችንን ቅባት እየበላ ሳሙና ስለሚያደርገው ነው ስላቸው ሴቶቹ እጃቸውን ያያሉ። ሁለቱን ለክተን ስናገናኛቸው አንዱ የሌላውን ኃይል ይሰብርና የሚቀረው ውሃና ጨው ነው። ከሁሉ የሚወዱት ግን በገዛ ከተማቸው ውሃ የማሳያቸውን ነበር። ከብቱ እንደ ሆራ፣ እንደ ጨው ውሃ፣ የሚሻማበትን የአምቦን ውሃ ከምንጩ እንደወጣ ወረቀቱን ስንነክርበት ቢጫው ቢጫ ነው። ያንኑ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፍልተን ስንሞክረው ይቀላል። ጋዙ እያለ አሲዱ ፊት ፊት ይላል፣ ጋዙ ሲወጣ ከሥር የነበረው ይታያል እላቸው ነበር። ይህን ያህል ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ እንደዚያ ትምህርት የምኮራበት የለኝም።

ያ ወረቀት ከክፍል ወጥቶ የእህቴ ትዳር ውስጥ የገባው በዚህ መሀል ነው።

እህቴ ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሳለች። እናታችን እሷን ወልዳ ብዙም አልቆየችም፤ ጡጦ ያጠባኋት፣ ፀጉሯን የሠራኋት፣ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ልጄ ናት ብል አልዋሸሁም። በግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆና በገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ የከብት ሐኪም ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ጎጆ የምትባለው ከተማ ልጅ ነው፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ደጋ ሰው። ረጋ ያለ ነው፤ ላም ሲወጋ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። የእሱ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኛ ያው እንደምታውቁን። ሽማግሌ ተላከ፤ አባቴ ሁለት ጊዜ አመላልሶ በሦስተኛው እሺ አለ። ልጄን ልድር ነው ብዬ የሰርጉን ድንኳን በሐሳቤ ተክዬ ነበር።

በጥቅምት ወር በአንዱ ዓርብ የልጁ እናት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤታችንን ሊያዩ ከጎጆ ወረዱ። በእኛ ቤት ዓርብ ከማክሰኞ አይለይም፤ እህቴ ግን የእንግዳዋን ጾም አስባ ድንችና ጥቅል ጎመን አልጫ በዘይት ሠርታ ጠበቀቻቸው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እህቴ ወጡን ልትጨምርላቸው ጎንበስ ስትል ጭልፋው ተንጠባጠበና የልጁ እናት ነጠላ ጠርዝ ላይ፣ ከጥለቱ በላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቢጫ አረፈበት። ስጡኝ ላጽዳው ብላ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ያገኘነው የልብስ ሳሙና ነበረን፤ በእሱ አሸችው። ይቀላል፣ ቀላ። ገና በውሃ ሳታለቀልቀው ሴትዮዋ ከኋላዋ መጥተው ቆመው ያያሉ። ደም ነው አሉ። ነጭ ነጠላዬ ከዚህ ቤት ደም ለብሶ አይወጣም፣ ምልኪው መጥፎ ነው ብለው ነጠላውን እንኳ ሳይቀበሉ፣ ሽማግሌዎቹን አስነስተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የሰርጉ ነገር ይቅር የሚል መልእክት መጣ።

ነገሩን ስሰማ ደሜ ፈላ። እህቴ ሳሙናው የደረቀበትን፣ እንደቀላ የቀረውን ነጠላ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እኔ ቆሜ አስረዳታለሁ፤ ይሄኮ እርድ ነው፣ ሳሙና ቤዝ ነው፣ ሎሚ ቢነካው በአንድ አፍታ ይመለሳል እላለሁ።

«አውቃለሁ እትዬ» አለችኝ። «እሳቸውም እኮ…»

አላስጨረስኳትም። በእርድ ምክንያት የሚፈርስ ትዳር የለም፣ እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም ብዬ ቦርሳዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ በጊንጪ አድርጌ፣ ከዚያ ጆንያ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ጎጆ ገባሁ። ነጠላውን፣ አንድ ጥቅል ቢጫ ወረቀት፣ አምስት ሎሚ፣ አንድ ጠርሙስ የአመድ ውሃና የሳሙና ቁራጭ ይዣለሁ። በሌላ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ነበረኝ፤ ለምን እንደያዝኩት አሁን ሳስበው ለጉራ ነው። ልጁ አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር ሽማግሌዎቹ እናቱ ቤት ተሰብስበው ጠበቁኝ። እናቱ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ከጥግ በኩል ደግሞ ለሥራ የመጡ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ድንች እየላጡ ነበር። በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ፣ አካም ቡልተን፣ ነጋ ቡልተን ተባባልን፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

እንዴት አድርጌ አስተማርኳቸው መሰላችሁ! ብርጭቆ አስመጣሁ፣ አሰለፍኩ። ወረቀቱን በሳሙና ነከርኩ፣ ቀላ። በአመድ ውሃ ነከርኩ፣ ቀላ። የአምቦን ውሃ ቀዝቃዛውን አሳየኋቸው፣ ቢጫው ዝም አለ፤ በእሳታቸው አፈላሁትና ነከርኩበት፣ ቀላ። ደም ከአምቦ ምንጭ ይወጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። በመጨረሻ ነጠላውን ዘረጋሁና በቀላው ላይ ሎሚ ጨመቅሁበት። በሁላቸው ፊት ቅላቱ ከመሀል ወደ ዳር እየሸሸ ሄደና የአልጫው ቢጫ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሽማግሌው፣ ሁሉም ኦቦ እያለ የሚያከብራቸው ትልቁ፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወረቀቱን ራሴ ነክሬ ካላየሁ አሉ። ሁለት ጊዜ ነከሩ። ከዚያ ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ምልኪ የለበትም ብለው ፈረዱ። ልጁ ፊቱ በራ። እኔም ጎሽ ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ፤ በልቤ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን ዓይኔ ገብቶ ነበር። ወንዶቹ በተደነቁ ቁጥር ሦስቱ ሴቶች አንገታቸውን ወደ ድንቹ ይደፋሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።  ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ የልጁ እናት ተነሱና፣ አስተማሪዋ አንዴ ወደ ጓዳ ትምጣልኝ አሉ።

ጓዳው ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የቅመም ቅሎች በተርታ ተሰቅለዋል። አንዱን አወረዱና ከፍተው አሳዩኝ፤ እርድ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን አርባ ዓመት ወቅጫለሁ» አሉኝ። «ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ የማላውቅ መሰለሽ? አልጫ ሠርታ እጇን የታጠበች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። የሴቶቹ ትከሻ ለምን ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እህቴም ልትነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነበር። የኬሚስትሪ መምህርቷ ጠርሙስ ተሸክማ፣ በጭነት መኪና ተንጠልጥላ፣ ለጎጆ ሴቶች እርድ ልታስተምር መጣች።  ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ታዲያ ለምን ደም ነው አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እውነቱን ማለት አፍሬ ነዋ።»

ቅሉን እየከደኑ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከዚህ ልጅ በቀር አልወለዱም፤ ሴት ልጅ የላቸውም። እህቴን አይተዋታል፣ ትሕትናዋን ወደዋል፣ ለጾማቸው ብላ በዘይት እንደሠራችም ገብቷቸዋል። ነገር ግን በሰው ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በሃይማኖታችሁ ልጄን ከለከልኩ ማለት ነውር ሆነባቸው። ነጠላው ሲቀላ ሰበብ አገኙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው መሆኑ ነው።

«ወንድ ልጅ ድስት አይጥድም» አሉኝ። «የምትጥደው ምራት ናት። የእናንተ ሰዎች ደግሞ ተዝካር አያወጡም። እኔ ስሞት አርባዬን ማን ያበላልኛል?»

ቦርሳዬ ውስጥ ሃያ የሚሆን ቢጫ ወረቀት ቀርቶኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሚነከር ግን አንድም አልነበረም። የእኛ እምነት እንዲህ ነው፣ ለሞተ ሰው ድግስ አይጠቅምም ብዬ ልከራከር ይቻለኝ ነበር፤ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ ጥቅሱን አላጣውም። የሴትዮዋን ፊት ሳይ ግን ክርክሩን ተውኩት። ያለ ልቅሶ፣ ያለ መታሰቢያ፣ ልክ እንዳልኖሩ ሆኖ መቅረትን ነው የፈሩት። እኔ አልመልስም፣ ጥያቄው የእኔ አይደለም፣ ለእህቴ አደርሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ነጠላውን ትቼላቸው መጣሁ። ምርቃቱም ሳይመረቅ ቀረ።

አምቦ ስመለስ እህቴና አባቴ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። የሆነውን አንድም ሳልደብቅ፣ የሳቁብኝንም ጭምር ነገርኳቸው። ያ ልጅ ለእናቱ ብሎ ይተዋት ይሆን፣ ለእሷ ብሎ እናቱን ያስቀይም ይሆን፣ በዚህ ሁለት መሀል የገባች እህቴ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ መንገዱን ሁሉ ስጨነቅ ነው የመጣሁት። እሷ ግን ጥያቄውን ሰምታ አልቆየችም።

«እኔ እጥደዋለሁ» አለች። «ቄሶቹ በራሳቸው ይጸልዩ። ድስቱ የኔ ነው።»

ሁለታችንም አባቴን አየነው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ለመጣ ሰው ምግብ ማቅረብ የሚከለክል ቃል አንብቦ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ ራት እንዲቀርብ ጠየቀ። ይሄ የእሱ እሺታ ነው፤ እኛ እናውቀዋለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወደ ጎጆ ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ሎሚም ጠርሙስም አልያዝኩም። የእህቴን ቃል እንዳለች አንድ በአንድ አደረስኩ። ሴትዮዋ አቀረቀሩ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

«አልጫዋ ጨው አንሶት ነበር» አሉኝ። «ሳልሞት ላስተምራት። በጥር አምጧት።»

በጥር ተዳረች። እሷ በእምነቷ ቆየች፣ እሱም በእናቱ እምነት ቆየ። ባልየው ወደ ጎጆ ሥራ ተዛውሮ ስለነበር እህቴ ከአማቷ ጋር ጎን ለጎን ኖረች። ሁልጊዜ ሰላም ነበር አልልም፤ ሁለቱም ምላስ አላቸው። በየጾሙ ግን አማቷ እሳት ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጨመር አድርጊ፣ ይብቃሽ፣ አማስዪ እያሉ አልጫ አስተማሯት። እኔ ስሄድ ደግሞ ሦስቱ ጎረቤቶች ተጠራርተው ይመጡና፣ አስተማሪዋ እስቲ ስለ በርበሬም አስተምሪን እያሉ ይተርቡኛል። እኔም ስቄ እመልስላቸው ነበር፤ ምን አደርጋለሁ፣ እጄ ያመጣው ነው።

ሴትዮዋ ያረፉት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሳይወድቅ ነው። አርባቸው ዕለት ጎጆ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። እህቴ ከጓሮ በሰባት ድስት መሀል ቆማለች፣ እጆቿ እስከ አንጓዋ ቢጫ ናቸው። እንደ ወንድም የምወደው ባሏ እንጨት ያቀብላታል። አባቴ፣ ያ የጴንጤ ሽማግሌ፣ ከዳሱ በር ላይ ለሚገባው ሰው ሁሉ እጅ ያስታጥባል። አልጫውን ቀመስኩት። ጨው ልኩን ነበር።

ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ጓዳ ገብታ ነጠላ ለብሳ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። የለበሰችው ነጠላ የአማቷ ነበር፤ ጥለቱን አይቼ አወቅኩት። ጠርዙ ላይ ያ መዳፍ የሚያህል ቢጫ፣ እኔ ሎሚ ጨምቄ የመለስኩት፣ እንዳለ ነው። ሳጥናቸው ሥር አጣጥፈው ይዘውት ኖረው ሊሞቱ ሰሞን ለእሷ እንደሰጧት ነገረችኝ። እኔ መቼም አስተማሪ ነኝና አፌ አላረፈም፤ ይሄማ ቀላል ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ብትዘረጊው ጥርግ ብሎ ይጠፋል አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ጠርዙን በቢጫ ጣቶቿ ይዛ። «ለዚህ ነው ፀሐይ የማላሳየው።»